የጎመን ቅርጫ

ድሮ ጥሩ ነበር የሚሉ ሰዎች ያሰለቹኛል። ሰቆጣ ውስጥ ድሮ ጥሩ ያልነበረ ብዙ ነገር አውቃለሁ፤ መንገዱ፣ መብራቱ፣ የመምህራን ስብሰባው። ነገር ግን ከየት እንደመጣ ባለሱቁም የማያውቀውን፣ በላስቲክ ታስሮ በር ላይ የተሰቀለ ጥቅል ጎመን በገዛሁ ቁጥር፣ ሐሙስ ሐሙስ ከከተማው በታች ወደ ሸለቆው የምንወርድበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ እኔም ከነዚያ አሰልቺዎች እንደ አንዱ እሆናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ። ከወንዙ ዳር ትንሽ የመስኖ መሬት ያላቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ለጎረቤቴ ለነርሷ አንድ ሐሳብ ነገሯት። አሥር ቤተሰብ ቀድሞ ከከፈለ፣ እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ በየሳምንቱ ማሳው የሰጠውን ለአሥር ይካፈላል። ቆስጣ ሲደርስ ቆስጣ፣ ካሮት ሲደርስ ካሮት፤ መምረጥ የለም። እኔ የገባሁት በአትክልት ስለማምን አይደለም። ከሽሮ ጋር ተጣልቼ ነበር።

የመጀመሪያው ሐሙስ ዕለት ማሳው ዳር ተሰብስበን እንዴት እንደምንካፈል ተከራከርን። ነርሷ ሚዛን ይምጣ አለች። ከአባላቱ አንዱ የነበሩት ቄስ ግን፣ «በሬ ስንካፈል ሚዛን እናመጣለን?» ብለው ነገሩን ቋጩት። ስለዚህ እንደ ሥጋው ሆነ። አትክልቱ ጆንያ ላይ አሥር ቦታ ይደለደላል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ያዋጣል። የእኔ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የነርሷ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን፣ የቄሱ የካፖርት ቁልፍ። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ምልክቶቹን ከባርኔጣ ውስጥ አንድ በአንድ ያወጣል፤ ምልክቱ ያረፈበት ድርሻ የባለቤቱ ነው። ዕጣ አውጪው ቄሱ ነበሩ። ምልክቶቹን ከሳምንት ሳምንት የሚያስቀምጡት እትዬ ናቸው፤ ሁላችንም ሴትየዋን የምንጠራቸው እንዲሁ ነበር።

ከተማው ሳቀብን። ጎመን ተሸክሜ ሽቅብ ስወጣ አንድ ባልደረባዬ መንገድ ላይ አስቆመኝና፣

«ምላስና ሰንበሩ ለማን ደረሰ?» አለኝ።

«ለቄሱ» አልኩት።

«ቆዳውንስ ሸጣችሁት?»

ጎመኔን ይዤ ሽቅቡን ቀጠልኩ። ግን በዚያ ጾም እንደበላሁት ያለ ቆስጣ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም። ከመሬት የተነቀለበት ሰዓት ይታወቅ ነበር። ካሮቱ ጠማማ ነው፤ አፈሩን ለማራገፍ በጉልበቴ ላይ ስመታው ይሸተኛል። ያ ሽታ ነው እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ።

ከዚያ ፋሲካ መጣ።

አሥር ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሰዎች፣ አንዳቸው ቄስ ሆነው፣ በጾም ሆዳቸው ለፍስክ ወራት ጎመን ሲዋዋሉ ሃምሳውን ቀን ያሰበ አልነበረም። ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ። ማንም ከማንም ጋር አልተመካከረም፤ ሁላችንም በየቤታችን ዝም ብለን ቀረን። ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ያለው ሐሙስ እንዲሁ አለፈ። በሚቀጥለው ሐሙስ እኔ ሆዴ ሥጋ በቃኝ ሲለኝ ወደ ሸለቆው ወረድኩ።

ማሳው ዳር ካለው ግራር ጥላ ሥር ሁለት ጆንያ ተዘርግቷል። በአንዱ ላይ ያለፈው ሳምንት አሥር ድርሻ ጠውልጎ፣ በሌላው የዚያን ቀኑ ትኩስ እንደሆነ። በእያንዳንዱ ትኩስ ድርሻ ላይ ምልክት አለ። የእኔ እስክሪብቶ ክዳን ጥሩ በሆነ ሰላጣ ላይ ተቀምጧል።

«አንተስ ምነው፣ በጉ አለቀብህ?» አሉኝ እትዬ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ።

«ያለፈውን ሳምንት ለምን ገበያ አላወጡትም?»

«የሰው ዕጣ ገበያ ይወጣል እንዴ?»

«ዕጣውን ማን አወጣው?»

«እኔው። ፊቴን አዙሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ። አላጭበረበርኩም። ያለፈው ሳምንት ግን ጥሩው ለአንተ ነበር የደረሰህ፤ ዱባው።»

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን የነገሩኝ። የወንዙ ውሃ በተራ ነው የሚጠጣው፤ ተራውን የሚያድሉት የውሃ አባት የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ተራው ሲደርስ የሚጠጣ ተክል የሌለው መሬት ተራውን ለጎረቤት ይለቃል። ባላቸው በሞቱበት ዓመት የእትዬ መሬት ደርቆ ተራቸው ሄዶ ነበር፤ ለማስመለስ ሁለት ዓመት ለመኑ። አሁን የተለቀሙት መደቦች ባዶ ናቸው። የጥቅል ጎመንና የሰላጣ ችግኝ ደርሷል፤ ውሃው የሚመጣው ሰኞ ነው።

«ብቻዬን ተክዬ ገበያ ለገበያ ልዞር ጉልበቴ እምቢ ብሏል» አሉ። «ትመጣላችሁ ካላችሁ እተክላለሁ። አንመጣም ካላችሁም ንገሩኝና ችግኙን ለፍየሎቹ ልስጥ። ዝም አትበሉኝ ብቻ።»

ለአሥር ሰው መልስ የምሰጥ እኔ ማን ነኝ? አህያቸውን ተውሼ የዕለቱን ድርሻዎች ከነምልክታቸው ጫንኩ።

ነርሷ በሩን ስትከፍት በእጇ አጥንት ነበር።

«ጎመን? በሃምሳው?»

«ዕጣሽ ነው። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው አውጥተውልሻል።»

የጠርሙሱን ክዳን አየችው። አጥንቱን ከኋላዋ ደበቀች፤ እንደማላየው። ስለ ውሃው ነገርኳት። ሌላው ቤት፣ «ለአህያዋ ስጣት» አለኝና ዘጋ። ሌላው ተቀበለኝ፤ ስለ ሰኞ ግን ቃል አልሰጠኝም።

ቄሱ የመጨረሻው ነበሩ። እትዬ ዕጣውን እንዴት እንዳወጡና ስለ ሰኞው ውሃ ስነግራቸው የካፖርቱን ቁልፍ ከቆስጣው ላይ አንስተው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

«ማንም ሳያያት ጀርባዋን ሰጥታ?»

«አዎ፣ አባ።»

«እኔ አንድ ሁለቴ አጮልቄ አይቻለሁ» አሉ። ቆስጣውን ከአህያዋ ላይ እያወረዱም፣ «ሰኞ በስንት ሰዓት ነው ውሃው?»

ሰኞ ጠዋት ስድስት ሆነን ወረድን። ነርሷ ባሏንም ይዛ መጥታለች። እትዬ ጉድጓዱን እየከፈቱ ሲያሳዩን ከኋላቸው ችግኝ እናስቀምጣለን። የተከልኩትን ሁለተኛ መስመር ነቅለው እንደገና ተከሉት። የውሃ አባት ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሲደርሱ ከማሳው ግማሹ ገና ባዶ ነበር። ቆመው አዩን። እትዬን በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር ጠየቋቸው፤ እትዬ መለሱላቸው፤ አዛውንቱ ሳቁ።

«ምን አሏቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው አለኝ። የእኔ ሰዎች ናቸው፣ መትከል አይችሉም፣ መብላት ግን ይችላሉ አልኩት።»

የውሃ አባት ባዶውን ግማሽ በዶማቸው አመለከቱና ለእኛ ሲሉ በአማርኛ ተናገሩ፤ «የተተከለውን አጠጣለሁ። የቀረውን በሚቀጥለው ተራ አያለሁ።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው የቦዩን አፍ ከፈቱት። ውሃው ደፍርሶ፣ ቅጠልና ገለባ እየገፋ ወደ መጀመሪያው መደብ ገባ። ዳርቻው ላይ አንድ ቦታ ሲሸረሸር እትዬ፣ «አባ፣ እግርዎ ሥር» አሏቸው። ቄሱ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ገቡና አፈሩን በእግራቸው ደፈኑት።