ቀሚስ የለበሰችው ላፕቶፕ

ቢቸና ውስጥ በወይዘሮ አስናቀች ቤት ራቁቱን የሚውል ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ነጭ ዳንቴል ለብሷል፤ ፍሪጁ ከነዘርፉ ደርቧል፤ ሬዲዮኑ እንኳ ዜና የሚያነበው ፊቱን ተሸፋፍኖ ነው። እኔ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ እኔም አልተረፍሁም። ገና እንደገባሁ ትልቅ ጽጌረዳ ያለበት የትራስ ልብስ ሠርተው ሰጡኝ። ክሩ ወፍራም ስለሆነ ጽጌረዳዋ ሌሊቱን ጉንጬ ላይ ትታተማለች፤ ጠዋት ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ አይተው ይንሾካሾካሉ። ምን ይደረግ፣ የእናት ስጦታ አይመለስም።

ዳንቴል ለእሳቸው የሥራ ፈት መዝናኛ አይደለም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ቢያዝንን ለመምህርነት ያበቁት በኪሮሽ ነው። ኋላ ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ግድግዳ እየዳበሱ፣ ሰውን በድምፁ እየለዩ ብዙ ጊዜ ኖሩ፤ አንድ ቀን ሻዩን ብርጭቆውን ስተው ጠረጴዛው ላይ ሲቀዱት ነው ልጅየው የነቃው። ያን ዕለት ቢያዝን ግቢውን በጩኸት አናወጠው፤ "ለምን አልነገርሽኝም?" እያለ ይጮሃል፣ ደግሞ ያለቅሳል። ወስዶ አሳከማቸው፤ ሞራው ተገፈፈ። ፋሻው በተፈታ ማግስት "ክርና ኪሮሽ አምጡልኝ" አሉ። በዳነው ዓይናቸው መጀመሪያ የሠሩትም ለልጃቸው ላፕቶፕ ቀሚስ ነው።

ቀሚስ ስል ቀሚስ ነው። ከሥር ሆዷን ይሸፍናል፣ በጎን አቅፎ ይይዛታል፣ እንዳይወልቅ ላስቲክ ገብቶበታል፤ ክዳኗ ላይ መስቀል አለ። ስትከፈት ከስክሪኑና ከኪቦርዱ በቀር የሚታይ ገላ የላትም። ቢያዝን ሲያያት እንባው መጣ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቢያዝን ፊዚክስ እያስተማረ ማስተርሱን ይማራል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ማስረከቢያ ቀን ደጋግሞ አሳልፎ አማካሪው "እስከ ሰኔ መጨረሻ ካላስረከብህ ትሰረዛለህ" ብሎታል። እንግዲህ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ትንሽ ትሄድና ላፕቶፗ ቀጥ ትላለች። ማውሱ አይንቀሳቀስ፣ ፊደሉ አይጻፍ። አጥፍቶ ያስነሳታል፤ ትንሽ ሄዳ እንደገና ቀጥ። ያልተቀመጠው ጽሑፍም ውኃ በልቶት ይቀራል።

በመምህራን ማረፊያ ያልተሰጠ ምርመራ የለም። አንዱ "ቫይረስ ነው" አለ፤ አንዱ "የከተማው መብራት ነው፣ ከፍ ዝቅ እያለ አደንዝዟት" አለ። ወይዘሮ አስናቀች ደግሞ "ዓይን ነው" ብለው ቆረጡ። "እንዲህ አምራ እያዩዋት እንዴት ደኅና ትሆናለች?"

በመጨረሻ ቢያዝን ሞጣ የታወቀ ጠጋኝ አለ ሲባል ሰምቶ ተነሣ፤ እኔም ለወሬው ስል ተከተልሁት። እናቱ ቀሚሱን አውልቀው አስቀሩት፤ "የመኪና አቧራ ያቆሽሽብኛል" ብለው። ሽታሁን የሚባለው ጠጋኝ ላፕቶፗን ከፈታት፣ አራገፋት፣ ፎርማት አደረጋት፤ ከዚያም ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ዋለች። አንዴም አልቆመችም። "መምህር፣ ላፕቶፕህ ጤነኛ ነች። ከአቧራ ብቻ ጠብቃት" ብሎ ሸኘን።

ምክሩ ለወይዘሮ አስናቀች ደረሰ። "አላልሁም? ዳንቴሉ ቀዳዳ አለው፣ አቧራ ያስገባል" አሉና ከውስጥ በኩል ወፍራም አቡጀዲ ገበር አደረጉበት። ላፕቶፗ ባሰባት። አሁንማ ገና ርዕሱን ሲያነብ ቀጥ ትላለች። የቤቱ ድመት ግን ወደደቻት፤ ሁልጊዜ ጎኗን ተጠግታ ታንቀላፋለች። እኛ ሁለት ባለ ዲግሪዎች ድመት ለምን ላፕቶፕ እንደምትወድ አልጠየቅንም።

እንደገና ሞጣ። በዚህኛው ጉዞ ወይዘሮ አስናቀች "ባዶ ገላዋን ሰው ፊት አታውጣት" ስላሉ ላፕቶፗ ለብሳ ሄደች። ሽታሁን አብርቶ ትንሽ እንደነካካት ፊቱ ላይ ቀጥ አለች። እጁን ከሥሯ ሰደደና ፈጥኖ መለሰው።

"ታቃጥላለች እኮ! መምህር፣ ይቺ ታፍና ነው። የምትተነፍሰው በሆዷ በኩል ነው፤ እናንተ ደግሞ ደርባችሁባታል።"

ቀሚሱን ገፈፈላት፤ ጥቂት ቆይታ መሥራት ጀመረች። ቢያዝን ሙቀት እንዴት እንደሚተላለፍ ለዘጠነኛ ክፍል ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ውጭ ወጣሁ።

"በቃ፣ አውልቀህ ጻፍ" አልሁት በመንገዳችን ላይ።

"እናቴን አታውቃትም። ዓይኗ ሲበራ መጀመሪያ የሠራችው ነው። የሠራሽው አፈናት ልበላት?"

ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። እናቱ ቤት ሲኖሩ ላፕቶፗን አልብሶ ዝም ብሎ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያወልቅና እንደ እብድ ይጽፋል። ኮቴያቸውን ሲሰማ መልሶ ያለብሳታል። ሚስት የደበቀ ሰው እንኳ እንዲህ አይደነግጥም።

ወይዘሮ አስናቀች ግን አሁን ዓይን አላቸው። ልጃቸው እሳቸው ሲወጡ እንደሚጽፍ፣ ሲመለሱ እንደሚያቆም አዩ። ከዚያ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ቶሎ መመለስ ተዉ። አንድ ከሰዓት በኋላ በዝናብ ስሮጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እግራቸው ረጥቦ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"እማማ፣ ምን ሆነው ነው? በዚህ ብርድ?"

"ልጄ እንዲጽፍ ነው። እኔ ካለሁ እጁ አይንቀሳቀስም። ሰልችቼው ነው መሰለኝ፤ ደግ ስለሆነ አልነገረኝም።"

ደሜ ፈላ። እናትየው ለልጃቸው፣ ልጁ ለእናቱ ሲሉ አንዱ በዝናብ፣ አንዱ በድንጋጤ ሊያልቁ ነው! "እማማ፣ ያስቸገሩት እርስዎ አይደሉም፤ የላፕቶፗ ቀሚስ ናት" ብዬ ሁሉንም ዘረገፍሁት። ተነሥተው ወደ ቤት መንገዱን ያዙ፤ እኔም ምን አደረግሁ እያልሁ ከኋላ ተከተልሁ።

ቢያዝን ኮቴ ሳይሰማ በሩ ተከፈተ። ላፕቶፗ ራቁቷን ትሠራለች፤ ቀሚሱ ትራስ ሥር ተወትፏል። እናቱ ጎትተው አወጡት።

"ለምን አልነገርኸኝም?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እማ።"

"እኔስ ያኔ ዓይኔን የደበቅሁህ ለምን ነበር? እንዳይከፋህ ብዬ ነው። አገር እስኪሰማ ጮህህብኝ እኮ።"

ቢያዝን አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ አስናቀች መነጽራቸውን አደረጉ፣ መቀስ አነሡ። "በል ገልብጣትና አሳየኝ። በየት በየት ነው የምትተነፍስ?" አሉ። አሳያቸው። ገበሩን ቀደው ጣሉት፤ የሆዷን ዳንቴል ክብ አድርገው ቆረጡና እንዳይተረተር ዙሪያውን በኪሮሽ ያዙት። ላፕቶፗ ክዳኗ ላይ መስቀሏን እንደያዘች ሆዷን ገልጣ እስከ ማታ ሠራች። ቢያዝንም ጽሑፉን በሰኔ አስረከበ።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ አስናቀች መቀሳቸውን ይዘው ቤቱን አዳረሱት። ለቴሌቪዥኑ ከኋላ፣ ለሬዲዮኑ ከፊት ቀዳዳ ወጣላቸው። የፍሪጁን ግን ቆርጠው ሲያበቁ "ይበርደዋል" ብለው መልሰው አጠበቡት። አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ግቢው ደጃፍ ድረስ ተከትለው ጠሩኝ።

"አንተስ? የምትደብቀኝ ነገር አለ? ተናገር፣ አልቆጣም።"

ስለ ግልጽነት ለቢያዝን ያልመከርሁት ነገር አልነበረም። አሁን ደረቴን ነፋሁና "ኧረ ምንም የለም እማማ፣ ምን እደብቅዎታለሁ?" አልሁ።

ወይዘሮ አስናቀች በዳነው ዓይናቸው ጉንጬን ትኩር ብለው አዩ፤ ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው ትራሱ ያተመብኝን ጽጌረዳ ከነቅጠሏ ዳበሷት።