መጥረቢያውን ተሸክሜ ያስገባሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ወዳለ አንድ ሕንፃ ለጉዳይ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ የቆመችው ጥበቃ ገና ልጅ ናት፤ ዩኒፎርሙ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል። ከፊቴ የነበሩትን ሴቶች ቦርሳ እያየች አሳለፈችና እኔ ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች።

«ማዘር፣ እርስዎ ይለፉ።»

ሁለት እርምጃ ሄጄ ተመለስኩ። «ፈትሺኝ» አልኳት።

«ኧረ ማዘር! እርስዎ ደግሞ ምን ይይዛሉ?»

«እሱን አታውቂም።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ልጅቷም እየሳቀች ቦርሳዬን ከፍታ መነጽሬንና ሁለት ብርቱካን አየች። እኔ ግን ለቀልድ አልነበረም የተመለስኩት።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ መካኒሳ እህቴ ጸሐይ ቤት ተቀምጬ ሥራ እፈልግ ነበር። አባቴ ከሀገር ቤት «እስከ ገና ሥራ ካልያዝሽ ተመለሺ፤ የሚጠይቅሽ ሰው አለ» ብሎ ጻፈልኝ። የሚጠይቀኝን ሰው አውቀዋለሁ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ በቅሎው ከእሱ ትሻል ነበር።

በዚያው ሰሞን ንፋስ ስልክ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሴት ሠራተኞችን በር ላይ የምትፈትሽ ሴት ጥበቃ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ሥራው መሣሪያ አያስይዝም፤ ፈቃድ ግን ያስፈልጋል። ለፈቃዱ ደግሞ ተያዥ፣ የጤና ምርመራ፣ የጣት አሻራ፣ ከሁሉም በላይ ሥልጠናና ፈተና። አሻራ የሰጠሁ ቀን ቀለሙ ከጣቴ አልለቅ ብሎ ሰነበተና የሠፈሩ ሴቶች «ምን አድርጋ ነው?» እያሉ ጸሐይን ጠየቋት። ተያዥ የሆነኝ የእህቴ ባል ጋሽ መኮንን ነው። ሲፈርም፣ «ይቺ ልጅ ሌባ ብታገኝ ምሳ ነው የምታቀርብለት» ማለቱን አስታውሳለሁ። ብዙም አልተሳሳተም።

ሥልጠናው ላፍቶ ነበር። ላፍቶ ያኔ እርሻ ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ግራና ቀኙ ግን ባቄላ ነው፤ ባለ ማሳው ሲፈቅድልን እሸቱን እየፈለፈልን እንሄድ ነበር። አሠልጣኛችን ሃምሳ አለቃ በየነ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። «ጠመንጃ የላችሁም! ጠመንጃችሁ ጉሮሯችሁ ነው!» ይሉና በሜዳው ማዶና ማዶ አቁመው «ቁም!» እያሉ ያስጮኹናል። የሌሎቹ ድምፅ ወፍ ያስነሳል። እኔ ተራዬ ሲደርስ ከአፌ የሚወጣው «እባክዎ ይቁሙ» ነው።

«የኔ ልጅ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «የምታስቆሚው ሌባ ነው ወይስ የክርስትና አባትሽን?»

ፈተናው በፋብሪካው በር ላይ ሆነ። እያንዳንዳችን በተራ በሩን እንይዛለን፤ የሚመጣውን ሰው የሚልኩት ሃምሳ አለቃ ናቸው። ለእኔ የደረሱኝ ጋቢ የለበሱ፣ ምርኩዝ የያዙ፣ ዘንቢል የተሸከሙ አዛውንት ነበሩ። ሳያቸው ከወንበሬ ተነሣሁ። እንዴት እንደዋሉ ጠየቅኳቸው። ዘንቢሉ ትከሻቸውን ስላጎበጠው ተቀበልኳቸውና እፊት እፊታቸው እየሄድኩ ግቢ ውስጥ አስገባሁላቸው። ጥላ ሥር አስቀምጬ ውኃም አመጣሁ።

ሃምሳ አለቃ መጥተው ዘንቢሉን ገለበጡት። ከባቄላው እሸት ሥር መጥረቢያ ወጣ።

«መጥረቢያ ተሸክመሽ አስገባሽለት!»

«ከብዷቸው እኮ ነው፣ ሃምሳ አለቃ።»

ጓደኞቼ በሳቅ ተንከባለሉ። አዛውንቱ ብርጭቆውን እንደያዙ፣ «ተው በየነ፣ በሥርዓት ያሳደጓት ልጅ ናት፤ አትጣላት» ብለው ለመኑልኝ። ጣሉኝ። የሚፈቀደው መድገሚያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሳምንት በኋላ። ሁለተኛ ከወደቅኩ ወደ በቅሎዋ ባለቤት መሄዴ ነው።

ያን ሳምንት ቤታችን የፋብሪካ በር ሆነ። ጋሽ መኮንን ማታ ከሥራ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ቆሜ መታወቂያ እጠይቀዋለሁ።

«ቤቴ ነው እኮ!» ይላል።

«ያለ መታወቂያ አይገባም።»

«አልተሰማም፣ ድገሚው» ትላለች ጸሐይ ከውስጥ።

«እራቴ ቀዘቀዘ!»

«እሱ ተሰምቷል» ትላለች።

በመድገሚያው ቀን ከፋብሪካው የሚወጡትን እንድፈትሽ በሩን ያዝኩ። ሃምሳ አለቃ በመስኮት በኩል ወረቀታቸውን ዘርግተው ይመለከታሉ። የመጣችው ሆዷ የገፋ ሴት ነበረች፤ ነጠላዋን ደርባ፣ እያዘገመች። ቆጣ ብዬ ልጮኽባት ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጅቻለሁ። ግን ነፍሰ ጡር ቆማ እኔ እንዴት እቀመጣለሁ? ተነሥቼ ወንበሬን ሰጠኋት። በመስኮቱ በኩል ሃምሳ አለቃ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ፤ እስክሪብቷቸውም ተንቀሳቀሰ።

ሴትየዋ ግን ዘፍ ብላ ተቀመጠች። እህቴ ሁለት ልጆች ስትወልድ አብሬያት ነበርኩ፤ በዚያ ሆድ ማንም እንደዚያ አይቀመጥም። እጅ ወደ ኋላ ወንበሩን ይፈልጋል፣ ጉልበት ይከፈታል፣ አንድ «እፎይ» አለ።

«ስንተኛ ወርሽ ነው?» አልኳት ዝቅ ብዬ።

«ስምንተኛ።»

«ማርያም ትቅረብሽ። የመጀመሪያሽ ነው?»

«አዎ።»

«ይራገጣል?»

«ማን?» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። እሷም አየችኝ።

«በይ እህቴ» አልኳት፣ «ያረገዝሽውን እዚሁ ተገላገይና ሂጂ።»

ከቀሚሷ ሥር ወደ አምስት ሜትር የሚሆን አቡጀዲ ተተረተረ። «ተመስገን! ሙቀቱ ሊገድለኝ ነበር» አለች። ሃምሳ አለቃ ለፈተናው የላኳት የፋብሪካው ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች።

ሃምሳ አለቃ ወጡ። «አልጮኽሽም።»

«አልጮኽኩም።»

«ወንበርም ሰጠሽ።»

«ካልተቀመጠች በምን አውቃለሁ?»

አቡጀዲውን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ወረቀታቸውን አዩ። ከዚያም ፈረሙ። ፈቃዴ ላይ የተለጠፈው ፎቶግራፍ የተያዘ ሌባ ያስመስለኛል፤ ቢሆንም ፈቃድ ፈቃድ ነው። ለአባቴ ሥራ መያዜን በሁለት መስመር ጻፍኩለት። በዚያው ፋብሪካ በር ላይ እስከ ጡረታዬ ሠራሁ፤ አንድ ቀንም ጮኼ አላውቅም።

ዛሬ ለቡ ውስጥ በራሴ ቤት እኖራለሁ። ደጄን የሚያንኳኳውን ሁሉ፣ ቆጣሪ አንባቢም ይሁን ዕድርተኛ፣ በመጀመሪያ ስለ ጤናው፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቹ፣ ቀጥሎ ስለ መንገዱ እጠይቀዋለሁ። እሱ ሲመልስ እጆቹን አያለሁ። ጎረቤቶቼ «እሳቸው ጨዋታ ይወዳሉ» ይላሉ አሉ። አላስተባብልም።