በስሜ የታከመችው

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። ነገር ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ፤ አንዷ ደንበኛ ያስያዘችውን ልብስ ለሌላዋ ሸጬ ስንቴ ተሰድቤአለሁ። ይህን ግን ልርሳው ብልም እምቢ አለኝ። ሌላ ሰው በእኔ ስም እየኖረ መሆኑን ማወቅ ደስ አይልም፤ ያ ሰው ደግሞ ተለቅሶለት ያበቃ ሲሆን ጭራሽ እንቅልፍ ይነሳል።

እንጅባራ ውስጥ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ነበር። እዚያ እኛን የመሰለ ሠራተኛ አቅሙ ችሎ የሚታከምበት አንድ የጥርስ ክሊኒክ አለ። መጀመሪያ ቀን የመኖሪያ ፈቃድ ካልያዛችሁ አያስገቧችሁም። አንዴ ካርድ ካወጣችሁ በኋላ ግን ካርዱን ብቻ ነው የሚያዩት፤ ፊታችሁን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። እኔም በዚያ ካርድ አንዱን ጥርሴን ማሳከም ጀመርኩ። ሐኪሙ ነርቩን በከፊል አጽድቶ በጊዜያዊ ሙሌት ደፈነውና ቀጠሮ ሰጠኝ። ከቀጠሮው በፊት ፈቃዴ አለቀና አገሬ ገባሁ፤ ጥርሱም ከነግማሽ ሕክምናው አብሮኝ መጣ።

ጅዳ ሳለሁ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተን ነበር። አንዷ ባንቻየሁ ናት፤ የአንከሻ ልጅ ናት፤ እስካሁንም እዚያው አለች። ሌላዋ እናኑ የምትባል የዳንግላ ልጅ ነበረች፤ ሁለቱ እርስ በርስ የሚያወሩት በአገውኛ ነው። እናኑ ከሁላችን ታናሽ ስትሆን በትንሽ በትልቁ የምትስቅ ልጅ ናት፤ ስትስቅ ግን አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ከላይ በግራ በኩል ድርብ ጥርስ አላት፤ አንዱ ከሌላው ላይ የወጣ። እኛ ያምርብሻል እንላታለን፣ እሷ ታፍርበታለች። ወደ አገሬ ስመለስ የማልፈልገውን ኮተት ሁሉ በአንድ ከረጢት አድርጌ ለእሷ ሰጠኋት። ብዙም ሳይቆይ እሷም ከዚያ ክፍል ወጥታ ሌላ ሰፈር ከሌሎች ልጆች ጋር መኖር እንደጀመረች ሰማሁ።

ከዚያ የእናኑ መርዶ መጣ። ለሥራ ወደ ሪያድ ስትሄድ የተሳፈረችበት መኪና በረሃ ላይ ተገልብጦ ተቃጠለ ተባለ። ሻንጣዋ ከነመታወቂያዋ ከመኪናው ተወርውሮ ተገኘ። አስከሬን አልመጣም፤ እዚያው ተቀበረች አሉ። ዳንግላ ሄጄ አብሬ አለቀስኩ። እናቷ እማማ አንጓች ፎቶዋን ታቅፈው ሲወድቁ ሲነሱ አይቻለሁ። ፍትሐት ተደረገ፣ ተዝካር ወጣ፣ እማማም ጥቁር ለበሱ።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት ያ ጥርሴ ተነሳብኝ። ጉንጬ አብጦ አንድ ዓይኔ ሊከደን ደረሰ። እንጅባራ አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፣ ቀልድ ይወዳል። አፌን ከፍቶ ሲያይ የተጀመረ ሥራ መሆኑን ወዲያው አወቀ። የጅዳውን ራጅ ካገኘ ጥርሱን ለማትረፍ እንደሚሞክር፣ ካላገኘ ግን መንቀል እንደሚሻል ነገረኝ። ጥርሱ ስስቅ የሚታይ ነው፤ እኔ ደግሞ ልብስ የምሸጠው እየሳቅሁ ነው። ራጁን አመጣለሁ አልኩት።

ለባንቻየሁ ደወልኩላት። ክሊኒኩ መጀመሪያ ባለቤቷ ራሷ ትምጣ ብሎ መለሳት። መፍቀዴን በድምፄ ቀድቼ፣ የድሮ ፓስፖርቴንም ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ተሟግታ ተሟግታ አወጣችልኝ። ሠራተኞቹ "ጥሩወርቅ ራሷ ሰሞኑን እዚህ ነበረች እኮ" ብለው ግራ እንዳጋቧት በመልእክቷ ላይ ነግራኛለች። ስሜ ጥሩወርቅ ነው። በዓለም ላይ ጥሩወርቅ የምባል እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ብዬ ሳቅሁ።

ራጁን የከፈትኩት እዚያው ክሊኒክ፣ ከሐኪሙ ፊት ተቀምጬ ነው። ኔትወርኩ የሚንቀራፈፍበት ቀን ነበር። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች በጥቂት በጥቂቱ መጣ። መጀመሪያ ስሜ ታየ፣ ቀጥሎ የተወለድኩበት ቀን፣ ከዚያ ጥቁር ነገር፣ ከዚያ ጥርስ። ሥጋ የሌለው መንጋጋ ከስሜ ሥር ሆኖ የሚስቅብኝ መሰለኝ።

የመጣልኝ ሁለት ራጅ ነው። በመጀመሪያው ላይ ሐኪሙ የታመመውን ጥርሴን አገኘና ደስ አለው። ሁለተኛውን ሲያይ ግን ቀልዱን ተወ። ስልኩን ወደ ጉንጬ አስጠግቶ አፍሽን ክፈቺ አለኝ። ወደ ስልኩ አየ፣ ወደ አፌ አየ።

"እዚህ ላይ ከታች ሁለት መንጋጋ ተነቅሏል። ያንቺ ሁለቱም አሉ" አለኝ። "ይኼ ያንቺ አፍ አይደለም።"

ቀኑንም አሳየኝ። ራጁ የተነሳው በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔ በፋሲካ እንጅባራ ሱቄ ውስጥ ሆኜ የሕፃናት ነጭ ልብስ ስሸጥ ነበር። ሐኪሙ መዝገብ ተቀላቅሎ ይሆናል ብሎ ሊያረጋጋኝ ሞከረ። ከዚያ ጣቱን ከላይ በግራ በኩል አሳርፎ፣ ይህች ሴት ትርፍ ጥርስም አላት አለኝ።

እናኑ አፏን በእጇ ሸፍና ስትስቅ ዓይኔ ላይ መጣች። ከተለቀሰላት ዓመት አልፏታል።

ከክሊኒኩ ስወጣ ጉም ወርዶ የመንገዱ ማዶ አይታይም። ከሰል የጫኑ መኪኖች በቀን መብራት አብርተው ያልፋሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ስሜን ሲጠራ መደንገጥ አመጣሁ። ጎረቤቴ በሱቁ በር ላይ ቆማ ጥሩዬ ስትለኝ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው አቤት የሚል ይመስለኝ ነበር። ፈሪ አይደለሁም፤ ግን ፈራሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ድርብ ጥርስ ያላት እናኑ ብቻ አይደለችም። የአንድ ራጅ ጥላ ይዞ ሄዶ የሰው እናትን ልጅሽ አለች ማለት ግፍ ነው። ዝም ማለቱም ግን አላስተኛኝ አለ። እማማ አንጓች ሰውነታቸው እያለቀ ነበር፤ ያየ ሁሉ ክረምቱን አይጨርሱም ይላል። ልጃቸው በሕይወት ካለች፣ ሞታለች ብለው አምነው ሊሞቱ ነው።

በመጨረሻ ጥርጣሬዬን ለባንቻየሁ ብቻ ነግሬ፣ ተመልሳ ክሊኒኩን እንድትጠይቅ አደረግሁ። "ጥሩወርቅ" ለመጪው ሐሙስ ቀጠሮ አላት አሏት። ያን ዕለት ሄደሽ ተቀመጪልኝ ብዬ ለመንኳት።

"የሞተ ሰው ጠብቂ ነው የምትዪኝ?" አለችኝ። ግን ሄደች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የድምፅ መልእክቷ ደረሰኝ። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

"ስምሽን ጠሩት። ጥሩወርቅ ሲሉ ጥግ ላይ የነበረች፣ ጥቁር የለበሰች፣ አፏን በማስክ የሸፈነች ሴት ተነሳች። ዓይኗን ብቻ ነው ያየሁት። በአገውኛ ሰላም አልኳት። ሳታስብ በአገውኛ መለሰችልኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና ወደ በሩ ሮጠች።"

ደረጃው ላይ ደርሳባት ይዛታለች። እናኑ ነበረች።

እናኑ ያለችውን ባንቻየሁ ነገረችኝ። ወደ ሪያድ በሚሄዱበት ጧት ጥርሷ አብጦ፣ ትኩሳት ጥሏት ቆማ መሄድ አቅቷት ነበር። ሻንጣዋ ግን ቀድሞ ተጭኗል፤ ስልኳም እዚያው ውስጥ ነው። ወንበሯን ሌላ ልጅ ወሰደችው፤ መቅረቷን ያዩት ሁሉ በዚያው መኪና ሄደዋል። እሷ ፈቃድ ስለሌላት አንድም ክሊኒክ አላስገባ ሲላት፣ እኔ በሰጠኋት ከረጢት ውስጥ ያየችው ካርድ ትዝ አላት። በካርዱ ገብታ ታከመች። ፈቃድ የሌላት ሰው በራሷ ስም መኖር ስለሚያስፈራት፣ ሰው ቤትም የገባችው ጥሩወርቅ ነኝ ብላ ነው። አሠሪዎቿ እስከ ዛሬ የሚጠሯት በእኔ ስም ነው።

አገር ቤት በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ሲመለስ፣ ለመደወል ስታስብ፣ አንዲት የማታውቃት የዳንግላ ልጅ አገኘች። ልጅቱ ከማን ጋር እንደምታወራ ሳታውቅ፣ እናኑ የምትባል ልጅ መኪና ውስጥ ተቃጥላ እናቷ እንዴት እንደሆኑ አንድ በአንድ ተረከችላት።

"ፍትሐት ሁሉ ተደርጎላታል አለችኝ" ብላታለች ለባንቻየሁ። "ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን እጽፍና መልሼ አጠፋዋለሁ። ማን ነኝ ብዬ ልደውል?"

የእናኑን ድምፅ አስቀድቼ ዳንግላ ሄድኩ። ነገሩን መጀመሪያ የነገርኩት ለእማማ አንጓች ወንድም ለአያ ሙሉ ነው። ድምፁን ደጋግመው ሰሙት። አለቀሱ። "መርዶ መንገር እናውቅበታለን" አሉኝ፤ "መርዶ መመለስ ግን አባቶቻችንም አላሳዩን።" እማማ ደም ግፊት አለባቸው፤ በድንገት ሰምተው ቀጥ እንዳይሉ ተፈራ። ከቄሱ ጋር ተመክሮ፣ በሥርዓቱ እንሂድ፣ ማልደን፣ ወሬው ሳይቀድመን፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራቸው ተባለ። ሁላችንም ትክክል መሰለን። እኔም ነጠላዬን ለብሼ ከሰው መሐል ቆምኩ።

እማማ በሩን ከፈቱ። ቄሱን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ፣ ነጠላ ለብሰን ዝም ብለን የቆምነውን ሁሉ አዩ። የቀራቸው አንድ ልጅ ነው፤ አንዷለም ይባላል፣ ጫግኒ ባጃጅ ይነዳል።

"አንዷለሜን" አሉና ወደቁ።

ያኔ ነው ምን እንዳደረግን የገባን። የሰፈሩ ሴቶች ጩኸት ሰምተው እያለቀሱ ደረሱ። ማንም አልሞተም ብንል ማባበያ መሰላቸው። አንዱ ውኃ ያመጣል፣ አንዱ ጸበል ይላል፣ አያ ሙሉ ለአንዷለም ይደውላሉ፣ መስመሩ አይገባም። እኔ የእማማን እጅ ይዤ ነበር፤ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይሰማኛል። በጥሩ ዜና ሰው ልንገድል ነው ብዬ አሰብኩ።

በስንት መከራ አንዷለም ስልኩን አነሳ። እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ "ምነው በጧቱ?" ሲል ስልኩን እናቱ ጆሮ ላይ አደረግንላቸው። እማማ ቀስ ብለው ተነስተው ተቀመጡና አንድ በአንድ አዩን።

"ታዲያ ማን ሞቶ ነው የመጣችሁት?"

"ማንም" አሉ አያ ሙሉ። "እናኑ አለች።"

ባንቻየሁ እናኑን ይዛ በስልኩ ትጠብቅ ነበር። ምስሉ እየቆመ እየሄደ መጣ። እናኑ ማስኩን አወለቀች። እማማ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አፏን አዩ፣ ጥርሷን አዩ፣ በጣታቸው መስታወቱን ነካ አደረጉት። ከዚያ በአገውኛ ያወሩ ጀመር። እኔ አገውኛ አልሰማም፤ ፊታቸውን ብቻ ነበር የማየው። ሲስቁ ስቄአለሁ፣ ሲያለቅሱ አልቅሻለሁ። በመሐል እማማ አንድ ነገር ጠየቁ። ማዶ ያለችው አንገቷን ደፋች።

አያ ሙሉን ምን አሏት ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እኔ ያለቀስኩላት የማን ልጅ ናት አለቻት" አሉኝ።

እናኑ አታውቅም። ወንበሯን የያዘችው ልጅ ቢጫ ሻሽ ያሰረች እንደነበረች ብቻ ነው የምታስታውሰው። ስሟንም አገሯንም አልጠየቀቻትም፤ ራሷን እያዞራት ነበር።

ሐኪሙ በመጀመሪያው ራጅ ተመርቶ ጥርሴን አተረፈልኝ። እናኑ በራሷ ስም የመመለሻ ወረቀት እያስጨረሰች ነው፤ ከእናቷ ጋር ሳይደዋወሉ አይውሉም። በዚህ ሁሉ ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን ግን ሙሉ ለሙሉ ደስታ ልለው አልቻልኩም።

በጥቅምት ዳንግላ ለገበያ ሄጄ እማማ አንጓችን አገኘኋቸው። ሰውነታቸው ተመልሷል፤ የለበሱት ግን ያው ጥቁር ነው። ልጅዎ አለች አይደለም እንዴ፣ ለምን አያወልቁትም አልኳቸው።

"የዚያችኛዋ እናት ገና አልሰማችም" አሉኝ። "እስክትሰማ እኔ እለብስላታለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ልጄ ዓረብ አገር ናት የምትል ደንበኛ ሱቄ ስትመጣ፣ መቼ ደወለችልሽ ብዬ መጠየቅ እፈራለሁ።