ከጭረቱ በታች የተላከ ሰላምታ

አባቴ ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ከሚሊኒየሙ በኋላ ጣቶቹን ቁርጥማት ይዞት ታይፑን መምታት አቃተው። እኔ ያኔ ኮምቦልቻ ኮምፒዩተር አስተምር ነበርና ያገለገለ አንድ ኮምፒዩተር አስገባሁለት። ቁልፎቹ ለስላሳ ናቸው፣ እጁን አያመውም። አልሐምዱሊላህ አልን።

ነገር ግን የሚጽፍበት ፕሮግራም አራት ነጥባችንን አያውቃትም። መስመሩ ሲሞላ ቃሉን እላይ ትቶ ነጥቧን ብቻዋን ወደ ታችኛው መስመር ይጥላታል። አባቴ አንድ በአንድ እየለቀመ ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል። ባለጉዳዩ «አባባ፣ የልጆቼን ነገር ረስቻለሁ፣ ይጨምሩልኝ» ያለ እንደሆነ ግን መስመሩ ሁሉ ይንሸራተትና የለፋበት ይፈርሳል። ጎረቤቱም ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፤ «የአንተ ኮምፒዩተር ተናግሮ መጨረስ አያውቅም እንዴ?» እያለ ያሾፍበታል። አንድ ቀን አባቴ «ልተወው መሰለኝ፣ ልጄ» አለኝ። ሥራውን ማለቱ ነበር።

ፕሮግራሙ ክፍት ነው፤ በየአገሩ የተበተኑ ፈቃደኞች የሚሠሩት፣ ማንም ኮዱን አንብቦ ሊያቃናው የሚችል። ከሥራ መልስ ኮዱን ሳገላብጥ የፈረንጁ ነጥብ ከቃሉ እንዳይለይ የሚከለክለውን ቦታ አገኘሁ። የኛዋን ከጎኑ ጨመርኋት። ሞከርሁት፣ ሠራ። የቀረው መላክ ነው። ወጋቸው እንዲህ ነው፦ የለወጥሽውን፣ እነሱ ፓች ይሉታል፣ አባላቱ ሁሉ ወደሚያነቡት አድራሻ በኢሜይል ትልኪያለሽ። ኃላፊው ካመነበት ፕሮግራሙ ውስጥ ይገባል።

«ምን ብለሽ ጻፍሽላቸው?» አለ አባቴ።

«ምንም። ያስተካከልሁትን ብቻ።»

«ሰላም ሳትያቸው? ይቺ የማን ልጅ ናት አይሉም?»

ሙያው ነውና አሳምሮ አስጻፈኝ፣ እኔም ወደ እንግሊዝኛ መለስሁት። ጤናዎ እንዴት ነው፣ ቤተሰቡስ፣ እናት አባት ደኅና ናቸው ወይ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ሰላም ነው ወይ። ከላይ ሰላምታው፣ ከሥሩ እንደ ወጋቸው መለያ ሦስት ጭረት፣ ከዚያ ኮዱ። ላክሁት።

መልስ መጣ። አንዱ አባል ቀድሞ «ኮዱን አየሁት፤ ከብቶቹ የትኛው ፋይል ውስጥ ናቸው?» ብሎ ቀልዷል። ኃላፊው ግን በትሕትና አስረዳኝ። ከጭረቱ በላይ የተጻፈ ሁሉ ፕሮግራሙ እስካለ ድረስ በለውጦቹ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ስለዚህ እዚያ የለውጡ ምክንያት ብቻ ይጻፋል። ከጭረቱ በታች፣ ከኮዱ በፊት የሚጻፍ መልእክት ግን ተነብቦ ይቀራል። አስተካክለሽ ድገሚው አለኝ።

ፊቴ ጋለ። ኢሜይሌን መክፈት ሁሉ ፈራሁ። ለአባቴ ስነግረው ግን እስኪያስለው ሳቀ።

«ልክ ናቸው እኮ! እኔስ ማመልከቻ ላይ ዳኛውን ስለ ላሙ እጠይቃለሁ?»

«ታዲያ ሰላምታውን ላውጣው?»

«ወላሂ አታወጪውም! ከጭረቱ በታች አድርጊው። መዝገብ ባይገባም ሰውየው ያነበዋል እኮ!»

ከላይ አንዲት ደረቅ ዐረፍተ ነገር፣ ከታች ሰላምታው። ቢስሚላህ ብዬ ደግሜ ላክሁት። ኃላፊው ተቀበለው። ለብቻዬም እንዲህ ጻፈልኝ፦ ከብት የለኝም፣ አንዲት ሰነፍ ድመት አለችኝ። እናቴ ግን ታማ ተኝታለች። ከነዚህ ሰዎች ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ስለ እሷ የጠየቀኝ አልነበረም።

አባቴ አላህ እንዲያሽራት ዱዓ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በደወለ ቁጥር፣ ስለ ነጥቧ ከመጠየቁ በፊት «የሰውየው እናትስ?» ይለኛል። እኔም ጠይቄ አደርስለት ነበር። ዛሬ ርቄ በምኖርበት አገር እንጀራዬ እንዲህ ያለ ኢሜይል መላላክ ሆኗል። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ቃል ግን ይቆጥባሉ። እኔ ከጭረቱ በታች ሰላም ሳልል አልክም።

ያኔ ነጥቧ የተስተካከለችበት አዲሱ የፕሮግራሙ ቅጂ ሲወጣ በፍላሽ ይዤ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። ጭኜለት ከጎኑ ተቀመጥሁ። ከቢስቲማ አንዲት እናት የመሬት ጉዳይ ይዘው መጡ። አባቴ ጻፈ፣ አነበበላቸው።

«ውይ፣ የወንድሜን ነገር ረሳሁት! ይቅር በቃ፣ አላድክምዎ» አሉት።

አባቴ ጨመረው። መስመሮቹ ተገፋፍተው ወረዱ፤ ነጥቦቹም እያንዳንዳቸው ከቃላቸው ጋር ወረዱ። ወደ እኔ አልዞረም። ወንበሩን ወደ ሴትዮዋ አስጠጋና «ሌላስ የረሱት አለ?» አላቸው። «ያስታውሱ፣ ግዴለም። ጊዜ አለን።»