የፋንታነሽ ቤት ግድግዳ

ጤና ጣቢያ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ዛሬ በስልኳ ያሳየችኝ ፈረንጅ እባቡን በመስታወት ሣጥን አኑሮ፣ ከላዩ አምፖል አብርቶ፣ ከጎኑ የሙቀት መለኪያ ሰክቶ፣ እባብ ሆዱ ካልሞቀው የበላው አይፈጭለትም ይላል፤ እሷ «ወይ ጉድ!» እያለች ስትስቅ የእኔ የጥንት ቅናት ተቀሰቀሰብኝ። ይህንንማ እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ አረቄ የሚያወጡት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ድሮ ያውቁት ነበር።

የእሳቸው ምድጃ ክረምት ከበጋ ስለማይጠፋ ከጀርባው ያለው የጭቃ ግድግዳ ሁልጊዜ ለብ ያለ ነው፤ እባቡ የሚኖረው በዚያ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነበር። የቤት እባብ ገድ ነው፣ አይገደልም ተብሎ በጣባ ወተት ይቀመጥለታል፤ ወተቱን እሱ ይጠጣው ድመቷ እስከ ዛሬ አላውቅም። እትዬ ጥሩነሽ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ እያሳረፉ፣ ሲቀዘቅዝ ረመጥ ያስጠጋሉ፣ ሲግል እሳቱን በአመድ ያዳፍናሉ። እኩያዬ የሆነችው ልጃቸው ፋንታነሽ «እባባችን» የምትለው አፏን ሞልታ ነው።

እባቡስ ባልከፋ፤ የከፋኝ የእናቴ ነገር ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ኩበት ስለምትቆጥብ ቤታችን ይበርዳል፤ ራት እንደበላን ጋቢዋን ደርባ ወደ እትዬ ጥሩነሽ ትሻገራለች፣ እኛ ቤት የማይሰማው ሳቋ ከዚያ ይሰማል፣ ፋንታነሽም የእናቴ ጭን ላይ ተጋድማ ፀጉሯን ታስዳብሳለች። ቅናት አንጀቴን ያሳርረው ነበር። ገዱ ወደኛ ቢገባ እናቴም ቤቷ ትውላለች፣ ታመሻለች ብዬ አመንሁ።

አንድ የነሐሴ ቀን እናቴ ገበያ ስትወጣ ግድግዳችንን በድንጋይ ቆርቁሬ ስንጥቅ አበጀሁ፣ ወተት አስቀመጥሁ፣ ያለንንም ኩበት በሙሉ አነደድሁት። እንደ እትዬ ጥሩነሽ ልለካ መዳፌን ግድግዳው ላይ ብለጥፈው ተላጠ። እባብ ቀርቶ እንሽላሊት አልመጣም። ኩበቱ ስላለቀ ያን ሰሞን ራታችንንም የበላነው እነሱ ቤት ነው፤ መዳፌን ቅቤ የቀባችኝ ደግሞ፣ ሌላ ሰው የጠፋ ይመስል፣ ፋንታነሽ።

እትዬ ጥሩነሽ ካረፉ ቆዩ፤ እባቡም የሣር ጣሪያው በቆርቆሮ ሲለወጥ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ምድጃውን ግን ፋንታነሽ አላጠፋችውም። እኔ እዚያው ሰፈር የሲሚንቶ ቤት ሠርቼ፣ እናቴን አምጥቼ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቼ፣ ሙቀቱን ጧት ማታ በእጄ እያስተካከልሁላት እኖራለሁ፤ እሷ ደግሞ ጉልበቴን በረደኝ ትላለች፣ እኔ ቤት ስትስቅም ሰምቻት አላውቅም።

ዛሬ ከሥራ ስገባ ማሞቂያው በርቷል፣ አልጋው ባዶ ነው። ልፈልጋት ልወጣ ስል ስልኬ ጮኸ፤ ፋንታነሽ ናት።

«አትስጊ፣ እናታችን እኔ ዘንድ ናት። ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል፤ እንዳትቀሰቅሻት።»

እናታችን አለችኝ፣ ያው አፏን ሞልታ። ማሞቂያውን አጠፋሁና ጋቢዬን ደርቤ ወደዚያው ተሻገርሁ።