ሳጥን ውስጥ የተቆለፈችው የአደጋ መጥሪያ

ይህ የሆነው ባለፈው ሰኔ፣ መርሳ ላይ፣ በገበያ ቀን ጧት ነው። ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። የሙያ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ እየፈታሁ እየገጠምሁ ነው የተማርሁት። ከውርጌሳ እስከ ወልድያ እጄ ያልነካው ሬዲዮ ካለ፣ ያልተበላሸ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ ሼህ ይማም አስም አለባቸው። ሲነሣባቸው ስልክ መደወል ቀርቶ መናገርም ያቅታቸዋል። ስለዚህ ከአሮጌ ሞባይል አንዲት መሣሪያ ሠራሁላቸው። የሳሙና ማስቀመጫ ታህላለች። ቀዩን መጫኛ አንዴ ሲጫኑት መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ባጃጅ ለሚነዳው የወንድማቸው ልጅ ለሰይድ ትደውላለች። ሲሪንቃ የሚሠራ አንድ ኢንጂነር ገለባብጦ አይቷት «የት ተማርህ?» አለኝ። የትም!

ከሰጠኋቸው ወር ሳይሞላ፣ ሱቄን ስከፍት የባለቤታቸውን የፋጡማን ኡኡታ ሰማሁ። ስልኬን አየሁ፤ ዝም ብሏል። መሣሪያዬ ከዳችኝ ብዬ ሮጥሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ!

ሼህ ይማም መደብ ላይ ተቀምጠው ለትንፋሽ ይታገላሉ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ፋጡማ ደግሞ ጓዳ ውስጥ፣ የእንጨት ሳጥን ላይ ተደፍታ ጓጉንቸሩን ትነቀንቃለች።

«መሣሪያዋ የት አለች?»

«ሳጥን ውስጥ ናት ጋሼ! የሳጥኑ ቁልፍ ጠፋኝ!»

«ማን ቆልፊባት አለሽ?»

«ይህን የመሰለ ዕቃ ሜዳ ላይ ይጣላል? የእርስዎ የእጅ ሥራ አይደለች? እንግዳ ሲመጣ ነው የማወጣት!»

ለሰይድ ራሴ ደወልሁለት። ደግነቱ ገበያው አጠገብ ነበር፤ ወዲያው ደረሰ። ሼሁን ደግፈን ባጃጅ ላይ ስናወጣ ፋጡማ ሳጥኑን በመጥረቢያ ስትሰብር ይሰማል። ቀጥሎ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ።

ዘወር ስል ፋጡማ ደጃፍ ላይ ቆማለች። መሣሪያዋ ከሦስት ፌስታልና ከአንድ ሻሽ ውስጥ ወጥታ፣ እጇ ላይ አረንጓዴ መብራቷን ብልጭ ታደርጋለች።

«ጋሼ፣ ሠራች! ሠራች!»

መሥራቷንማ መች አጣሁት!

ጤና ጣቢያ ኦክስጅን ተደረገላቸውና እስከ ቀትር ትንፋሻቸው ተመለሰ። መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀጥለው «ሳጥኔን ማነው የሰበረው?»

ሳምንት ሙሉ በፋጡማ ተናደድሁ። ኋላ ግን መሣሪያዋን ያስረከብሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ሽቦውን አንድ በአንድ አስረድቻታለሁ፤ የት እንደምታኖራት ግን አልጠየቅኋትም። የኔ እናትስ ውድ ዕቃዋን የት ነበር የምታኖረው? ሳጥን ውስጥ።

መሣሪያዋን ከሼህ ይማም ከዘራ ጋር አሰርኋት። ከዘራ አይቆለፍም። አሁን ደግሞ መስጊድ በር ላይ ከዘራቸውን ባስደገፉ ቁጥር ቀዩ መጫኛ ከግድግዳው ጋር እየተጫነ ስልኬ ይጮኻል። ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ፤ እሳቸው ይሰግዳሉ። እየተራገምሁ እመለሳለሁ።

ስልኬ ሳይጮኽ የዋለ ቀን ግን እጄ ሥራ አይዝልኝም። ከዘራው ደጃቸው መቆሙን ሳላይ ሱቄን አልዘጋም።