የጉበቴ መርዶ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ጉበትን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፤ ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር፣ በቡናማ ጠመኔ፣ ሐሞት ከረጢቱን በአረንጓዴ። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ጉበት ሲታመም በምን ይታወቃል?" ሲሉኝ በልበ ሙሉነት እዘረዝርላቸው ነበር። እዚያው ቦታ ላይ፣ በራሴው ጎድን ሥር፣ ለወራት ሲጠቀጥቀኝ ግን ጨጓራ ነው ብዬ ተልባ እጠጣ ነበር።

ምን ላድርግ? በእኛ አገር ከአንገት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ጨጓራ ካልሆነ ታይፎይድ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ መጀመሪያ ታይፎይድ ነው አለኝ፤ በሳምንቱ ታይፈስ ጨመረልኝ፤ በወሩ ደግሞ አሜባ መረቀልኝ። የሰጡኝን ሁሉ ዋጥኩ። መክሳቴንም ማንም ልብ አላለው፤ ሁዳዴ ነበራ። አባቴ አንኮበር ቄስ ናቸው። የቄስ ልጅ በጾም ስትከሳ ትመሰገናለች እንጂ አትመረመርም። የሰፈሬ ሴቶች "ጾሙ እንዴት አምሮብሻል" ሲሉኝ አንገቴን እደፋ ነበር። ደስም ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም አልትራሳውንዱን ሆዴ ላይ እያንሸራተተ ዝም አለ። ዝም የሚል ሐኪም አያድርስ ነው።

"ትጠጫለሽ?" አለኝ።

"ምን?"

"አረቄ ነዋ።"

ጉበት ያለ አረቄ እንደማይታመም በከተማችን የታወቀ ነው። አጠገቤ የቆሙት አጎቴ እንኳ ዞር ብለው ለአፍታ በጥርጣሬ አዩኝ። አጎቴ የሟች እናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። እሳቸው ከተጠራጠሩኝ ሌላው ቢፈርድብኝ አይገርምም።

ሲቲ ስካን ተነሣሁ። በመርፌ ከጉበቴ ቆንጥረው ወሰዱና ናሙናው አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ወደ ክፍሉ የጠራው እኔን ሳይሆን አጎቴን ነበር። "የታማሚዋ የቅርብ ሰው" ብሎ ነው የጠራቸው። ታማሚዋ ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቃ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚህ የቀረበ ሰው ከየት ይምጣለት?

ውስጥ የተባለውን የሰማሁት በኋላ ነው። ፋይብሮላሜላር የሚባል፣ ከስንት አንድ የሚገኝ የጉበት ካንሰር ነው። አረቄም ሄፓታይተስም ያልነካው ጤነኛ ጉበት ላይ ይወጣል፤ ወጣቶችን ይመርጣል። በኬሞ ብዙም አይበገርም። ዋናው መድኃኒቱ ቀዶ ጥገና ነው፤ እሱም ሳይሰራጭ ከተደረሰበት ነው። ሐኪሙ "ቶሎ" አላቸው፣ ሁለት ጊዜ። የሪፈር ወረቀቱንም ጻፈ።

አጎቴ ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱና ወጡ። "ትንሽ ኢንፌክሽን ነው አሉ" አሉኝ።

በእሳቸው አትፍረዱ። አጎቴ የሰፈራችን እድር ዳኛ ናቸው። ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ክፉ ወሬ ብቻውን ለሆነ ሰው አይነገርም። በዓል ሲቃረብ አይነገርም። ሲመሽ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ጥሩ ሥርዓት ነው። ችግሩ የተሠራው ለሟች መሆኑ ነው፤ ሟች ደግሞ አይቸኩልም።

ፋሲካ ደርሶ ስለነበር ፋሲካ ይለፍ ተባለ። ቀጥሎ ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍ ተባለ። ከዚያ አረርቲ ያለችው አክስቴ እስክትመጣ ይጠበቅ ተባለ፤ ካልተጠራች ትቀየማለች። እኔ ጉበት ውስጥ ያለው ነገር ግን በዓል አያከብር፣ አክስት አይጠብቅ።

እስከዚያ ድረስ ዘመድ ሁሉ መልአክ ሆነ። የፋሲካ ለት የዶሮው ፈረሰኛ ለእኔ ወጣ፤ ከወንዶቹ አንድም ያጉረመረመ የለም። ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አጎቴ ስልክ ሲደወልላቸው ጓሮ ይወጣሉ። እኔ ሞኟ ነገሩ ገባኝ፤ ሽማግሌ ተልኮብኛል አልኩ። ሹሩባ ተሠራሁ። ባሉንም በሐሳቤ መርጬ ጨርሼ ነበር፤ ትምህርት ቤታችን ያለው የሒሳብ አስተማሪ። ምስኪኑ እስከ ዛሬ አያውቅም።

አንድ ሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ጋቢዬን ጣል አድርጌ ከፈትኩ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። አጎቴ ከፊት፣ አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጎናቸው፣ የእድሩ ሽማግሎች፣ ጎረቤቶቼ፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። የቀረው ድንኳን ብቻ ነው። ሽማግሌ እንዲህ እንደማይመጣ ማንም ያውቃል።

"ማነው?" አልኩ።

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አባቴ ናቸው። ሌላ ማን ቀረኝ? ደጃፉ ላይ ዘፍ ብዬ "አባባን፣ አባባን" እያልኩ ደረቴን መድቃት ጀመርኩ። አክስቴ ተከተለችኝ፤ ጎረቤቶቼም ተቀበሏት። እንዲህ ለጥቂት ደቂቃ በደንብ አለቀስንላቸው።

"አለሁ ልጄ፣ አለሁ" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

አባቴ መስቀላቸውን እንደያዙ ሰው እየገፉ ሲወጡ አየኋቸው። በዋዜማው ከአንኮበር አስመጥተዋቸው ኖሯል። አሰላለፉን ያወጡት አጎቴ ናቸው፤ አባት አይችልም ብለው ከኋላ አቆሟቸው። እኔም ለቅሶዬን አቁሜ የዘመዶቼን ፊት አንድ በአንድ አየሁ፤ ማን ጎደለ ብዬ። ማንም አልጎደለም። ሁሉም ደግሞ እኔን ነው የሚያዩት።

ያኔ ነው የገባኝ። የተለቀሰው ለእኔ ነበር።

አጎቴ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። "ካንሰር ነው ብለዋል" አሉኝ፤ ቀጥለው ለማጽናናት "ግን ተራው አይደለም፣ ብርቁ ነው" አሉ። የእድሩ ሽማግሎች በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን ነጥቄ ቀኑን ሳይ ደሜ ፈላ። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ "ፋሲካ ነበር እንዳይሉኝ" አልኳቸው።

አባቴ ግን አጠገቤ ቁጢጥ ብለው "አልሞትሽም ልጄ፣ ታመሻል። ጫማሽን አድርጊና ሐኪም ቤት እንሂድ" አሉኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ቁም ነገር የተናገሩ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አዲስ አበባ ያየኝ ቀዶ ሐኪም ወረቀቱን ገልብጦ "እስካሁን የት ነበራችሁ?" አለ። አጎቴ ጣሪያውን መመርመር ያዙ። ሐኪሙም አልገፋበትም፤ ምናልባት እሱም አጎት አለው። የቀኙን የጉበቴን ክፍል ከነዕጢው አወጡልኝ። ከወራት በኋላ ወደ ክፍሌ ተመልሼ ጉበት ተቆርጦ እንደሚያድግ ሳስተምር ተማሪዎቼ እንደ ወትሮው አላንቀላፉም።

ከሆስፒታል ስወጣ ለዘመድ ሁሉ ሕግ አወጣሁ። ከእንግዲህ ውጤቴ የሚነገረው ለእኔ ብቻ ነው። እኔም የማውቀውን በዚያው ቀን ለሁሉም እናገራለሁ። መርዶ የለም፣ ይለፍ የለም፣ አክስት መጠበቅ የለም። አጎቴን አስምያቸዋለሁ።

በየጊዜው ሲቲ ስካን እነሣለሁ። ሁለት ዓመት ንጹሕ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሐኪሙ ጉበቴ አጠገብ ያበጠች አንዲት ንፍፊት አሳየኝ። የባቄላ ፍሬ ብታህል ነው። ትወጣለች አለኝ። "ቶሎ" አለኝ። ቀን ቆረጥን፣ ፈረምኩ። ወረቀቱን አጠፍኩና ቦርሳዬ ከተትኩት።

በማግሥቱ ለአባቴ ልነግራቸው አንኮበር ሄድኩ። ጉሙ ቤቱ ድረስ ገብቷል። ከቤተ ክርስቲያን በርዷቸው መጡ፤ እንደተቀመጡ "ውጤቱስ?" አሉኝ።

"ደህና ነው አባባ።"

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ፍልሰታ ነው፣ ሱባኤ ላይ ናቸው፣ ይለፍ አልኩ በልቤ። እኔው። ቆሎ አቀረቡልኝ፤ አንድ ላይ በላን። በማግሥቱም አልነገርኳቸውም። በሦስተኛው ቀን ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ቀዶ ጥገናው ግን ፍልሰታ ሳይፈታ ነው።

ዛሬ ለአጎቴ ደወልኩ፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይዘልፉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልዘለፉኝም።

"ጋሼ፣ ሰው ይሰብስቡልኝ" አልኳቸው። "ነገ ሊነጋጋ ሲል፣ አባባ ወደ ኪዳን ሳይወጡ አንኮበር እንድረስባቸው።"

"እሺ" አሉ። ቆይተው "ማን ከፊት ይቁም?" ብለው ጠየቁኝ።

"እኔ" አልኳቸው። "በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ይሁን።"